ፌስታልን በቋጠሮ፦ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ክበባችን የሚታወቅባቸው የችግኝ ተከላና የግቢ ጽዳት ሥራዎች ዘንድሮም እንደ ወትሮው ስለተከናወኑ ብዙ አልልባቸውም። ይህ ዘገባ የሚያተኩረው ሐሙስ ሐሙስ ከትምህርት ሰዓት በኋላ በተለማመድነው በፉሮሺኪ ላይ ነው። ፉሮሺኪ ጃፓናውያን ዕቃ የሚጠቀልሉበት፣ የሚሸከሙበትና ስጦታ የሚያቀርቡበት አራት ማዕዘን ጨርቅ ነው። ወደዚህ ሥራ የገፋፋን የተማሪዎቻችን ምሳ ዕቃ በፌስታል ተጠቅልሎ መምጣቱ፣ ፌስታሉም በዚያው ቀን ቆሻሻ መጣያ ውስጥ መግባቱ ነው።

ልማዱ ጥንታዊ ነው። በናራ ከተማ ሾሶኢን በተባለው ግምጃ ቤት ከ8ኛው ክፍለ ዘመን የተረፉ የዕቃ መጠቅለያ ጨርቆች ይገኛሉ። ስሙ ግን የመጣው ከመታጠቢያ ቤት ነው፤ «ፉሮ» መታጠቢያ፣ «ሺኪ» ደግሞ የሚነጠፍ ማለት ሲሆን፣ ከ17ኛው እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን በዘለቀው የጃፓን የኤዶ ዘመን የሕዝብ መታጠቢያ ቤቶች ሲበዙ ሰዎች ልብሳቸውን በጨርቅ ቋጥረው ይሄዱ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የወረቀትና የፕላስቲክ ከረጢት ሲስፋፋ ጨርቁ ከዕለት ኑሮ እየራቀ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ2005 ኬንያዊቷ የአካባቢ ጥበቃ ተሟጋች ዋንጋሪ ማታይ ጃፓንን ሲጎበኙ «ሞታይናይ» የሚለውን የብክነትን ቁጭት የሚገልጽ ቃል ወደዱትና በየአገሩ አስተዋወቁት፤ በማግስቱ ዓመት የጃፓን የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስትር የነበሩት ዩሪኮ ኮይኬ ከፕላስቲክ ጠርሙስ በተገኘ ክር የተሠራ «ሞታይናይ ፉሮሺኪ» ይዘው ቀረቡ። (ፕላስቲክን በፕላስቲክ መቀነሱ እኔን ጥቂት ፈገግ ያሰኘኛል።)

አንዲት የ10ኛ ክፍል አባል «ስንቅ መቋጠር የምንለው እኛ ሆነን ሳለ ከጃፓን ምን እንማራለን?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ ተገቢ ነበር፤ መልሱን ያገኘነው ግን ቆይተን፣ ከቋጠሮው ነው። አባላቱ በመጀመሪያ ያሰሩት ሁሉ ወይ ይላላል፣ ወይ በጥርስ ካልሆነ አይፈታም ነበር። «ማ-ሙሱቢ» በሚባለው አስተሳሰር ቀኙ ጫፍ በግራው ላይ ተሻግሮ አንድ ጊዜ ከታሰረ በኋላ፣ ሁለተኛው እጥፍ በተቃራኒው፣ ግራው በቀኙ ላይ ሆኖ ይታሰራል፤ ጫፎቹ እንደ ክንፍ ወደ ጎን ከተኙ ልክ ነው፣ ወደ ላይና ወደ ታች ከቆሙ ተሳስቷል። ሲፈታም አንዱን ጫፍ ከመጣበት ወገን ካለው ጨርቅ ጋር በተቃራኒ አቅጣጫ ቀጥ እስኪል መሳብ ብቻ ነው፤ ያን ጊዜ የቀረው ቋጠሮ በላዩ ተንሸራቶ ይወጣል። ይህን ለመልመድ እስከ ታኅሣሥ ፈጀብን። አዲስ አቡጀዲም ሙጫው በእጥበት ካልለቀቀ እንደማይታሰር የተረዳነው በዚሁ ጊዜ ነው። ለልኩ የተጠቀምንበት መመሪያ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ያለው ርዝመት የዕቃውን ወርድ ሦስት እጥፍ እንዲሆን ነው፤ በዚህም መሠረት ጎኑ 70 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጨርቅ እስከ 33 ሳንቲ ሜትር ለሚሰፋ ዕቃ ይበቃል።

በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት 40 ጨርቆች አዘጋጅተን ነበር። በወላጆች ቀን ለእንግዶችና ለመምህራን የሰጠናቸውን መጻሕፍት በእነዚሁ ጠቅልለን አቀረብን፤ ቋጠሮውም በሰፊው ተደነቀ፤ ጨርቆቹ ግን ከመጻሕፍቱ ጋር አብረው ሄዱ። በጃፓን ወግ ስጦታ አቅራቢው ቋጠሮውን ራሱ ፈትቶ ስጦታውን ያስረክባል፣ ጨርቁንም አጥፎ ይዞ ይመለሳል። የእኛ አባላት ግን የሰጡትን መልሰው መጠየቅ አሳፈራቸው፤ እኔም ብሆን አልደፈርኩም። ሆኖም ነገሩ ቀላል አይደለም፤ ጥጥ ለማብቀልና ለመሸመን ብዙ ውኃና ጉልበት ይፈጃልና፣ አንዴ ብቻ ጠቅልሎ በመሳቢያ ውስጥ የቀረ ጨርቅ ከፌስታል ይሻላል ለማለት አልደፍርም። ስለዚህ በሚቀጥለው ዓመት ሰጪው ራሱ እንዲፈታ ተስማምተናል።

በአሁኑ ጊዜ በቤተ መጻሕፍቱ ቁም ሣጥን ውስጥ 23 ጨርቆች ይገኛሉ። የቀሩት 17 በእጃቸው ያሉ ወላጆችና መምህራን ይህን ሲያነቡ፣ አጥበው ቢመልሱልን ክበቡ በአክብሮት ይጠይቃል።