ጁልየትን ቶሎ አታስለቅሷት

ለዝግጅት ክፍሉ፤

ከበደ ሚካኤል ወደ አማርኛ ከመለሱት «ሮሚዮና ጁልየት» ውስጥ ለትወና ልምምድ ደጋግሞ የሚመረጠው፣ ልጅቱ ለ42 ሰዓት እንደ ሞተ ሰው የሚያስተኛትን የመነኩሴውን መድኃኒት ከመጠጣቷ በፊት ለብቻዋ የምትናገረው ነው፤ አራተኛ ገቢር፣ ሦስተኛ ትዕይንት። ደጋግሞም ይበላሻል። ተዋናይቷ ብልቃጡን ገና ስታነሳ እንባዋን ታፈሰዋለች። ከዚያ በኋላ የሚቀራት ጩኸት ብቻ ነው።

ጁልየት 14 ዓመት ያልሞላት ልጅ ብትሆንም ሲጀመር የምታስበው እንደ ነገረ ፈጅ ነው። ሞግዚቷን ትጠራለች፤ ወዲያው ደግሞ «እሷ ምን ታደርግልኛለች?» ብላ ትተወዋለች። ጥሪው ከልብ ጮክ ካላለ መተዉ ትርጉም የለውም። መድኃኒቱ ባይሠራስ? ነገ ወላጆቿ ለመረጡላት መኳንንት፣ ለፓሪስ ልትዳር ነው። መልሱ ራሷን የምትገድልበት ጩቤ ነው፤ አጠገቧ አጋድማው ትለፍ። ጩቤ እያብለጨለጩ መቆየት የተዘጋ ጉዳይ መክፈት ነው። መርዝ ቢሆንስ? ከሮሚዮ ጋር በድብቅ ያጋባት መነኩሴው ስለሆነ፣ እንዳይጋለጥ ሊገድላት ምክንያት አለው። ይህን በዝግታ ትመዝነውና፣ ቅድስናው የተመሰከረለት ሰው ነው ብላ ትዘጋዋለች።

ሦስተኛው ጥያቄ ግን መልስ የለውም፤ 42ቱ ሰዓት ሳይሞላ፣ ሮሚዮም ሊወስዳት ሳይደርስ፣ መቃብር ውስጥ ብትነቃስ? መሰበር ያለባት እዚህ ነው። ሼክስፒርም ዓረፍተ ነገሩን አብሮ ሰብሮታል፤ ጀምራ ሳትጨርሰው ወደ አፅሙ ትገባለች፣ ተመልሳ ትጀምራለች፣ አሁንም ታቋርጣለች። በእያንዳንዱ ጅማሬ ግማሽ ትንፋሽ ይበቃል። ሙሉ ትንፋሽ ከተሳበ ንግግሩ ተስተካክሎ ይወጣል፣ ፍርሃቱም ይጠፋል። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ፤ መጀመሪያ አየር ማጣት፣ ከዚያ የአባቶች አፅምና ሮሚዮ የገደለው፣ በቅርቡ የተቀበረው የአጎቷ ልጅ ቲባልት፣ ሽታው፣ ጩኸቱ፣ በመጨረሻ በዘመዷ አጥንት ጭንቅላቷን የሚፈጠፍጥ የገዛ እጇ። እጇ እስከዚያ ድረስ ባይንቀሳቀስ ደስ ይለኛል።

ወዲያው ሐሳቡ ዓይኗ ላይ ይመጣል። የቲባልት መንፈስ ሮሚዮን ሲፈልግ ታያለች፤ «ቁም!» ትለዋለች። የምትጠጣውም ደፍራ አይመስለኝም፤ ሮሚዮ ጋ ቀድማ ለመድረስ ነው። ስለዚህ ብልቃጡን ከፍ አድርጎ ለተመልካች ማሳየት፣ ከመጠጣት በፊትም ቆም ማለት፣ የተሠራውን ሁሉ ያፈርሰዋል።

ሰዓት ያጠረው አዘጋጅ መቀሱን ሲያነሳ ይጠንቀቅ። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1597 የታተመው የተውኔቱ አጭር ቅጂ ንግግሩን ከ20 ስንኝ በታች ያወርደዋል፤ በ1599ኙ ከ40 በላይ ነው። በአጭሩ ውስጥ ጥያቄዎቹ ሁሉ አሉ፤ የጠፋው ያ የተሰባበረው ዓረፍተ ነገር ነው። መቁረጥ ግድ ከሆነ ከንግግሩ መጀመሪያ ይቆረጥ። ያው አጭር ቅጂ ግን ሊወረስ የሚገባው አንድ መመሪያ አለው፤ ጠጥታ መጋረጃው ውስጥ አልጋዋ ላይ ትወድቃለች ይላል። ማቃሰት የለ፣ መንፈራገጥ የለ።

አንድ የቴአትር አሠልጣኝ
አዲስ አበባ