ለጠፋሁበት ወንድሜ፦ የአውሮፓ መብራት ለምን በጋዝ ዋጋ ይሸጣል

ይድረስ ለወንድሜ ለዳዊት፣

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? ቤተሰብስ ሁሉ ደህና ነው? ጠፋሁብህ፤ ሰበብ አልደረድርም። በመጨረሻው ደብዳቤህ የጠየቅከኝ ነገር ግን ከሐሳቤ አልወጣም። «ንፋሱ በነጻ እየነፈሰ አውሮፓ መብራቱን ለምን በጋዝ ዋጋ ይሸጣል? ይህንንስ ሕግ ብሎ ያወጣው ማነው?» ብለህ ነበር። ለዝምታዬ ካሳ እንዲሆነኝ ሳላሳጥር ልመልስልህ። ዓመታቱ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፤ ያገራችንን ስጠቅስ ለይቼ እነግርሃለሁ።

ከጨረታው ልጀምር። በየቀኑ በመካከለኛው አውሮፓ አቆጣጠር ልክ ቀትር ሲሆን የነገው መብራት ጨረታ ይዘጋል። አመንጪው ለነገዋ ለእያንዳንዷ ክፍለ ጊዜ ስንት ሜጋዋት በስንት ዩሮ እንደሚያቀርብ፣ ገዢው ደግሞ ስንት በስንት እንደሚወስድ አስገብቷል። ክፍለ ጊዜዋ ለረጅም ዘመን አንድ ሰዓት ነበረች፤ ከኦክቶበር 2025 ወዲህ 15 ደቂቃ ሆናለች። ዩፌሚያ የሚባል የስሌት ፕሮግራም የሁሉንም አገር ጨረታ ባንድነት ይፈታዋል።

አንዷን ሰዓት ቀረብ ብለን እንያት። ፍላጎቱ 1,000 ሜጋዋት ነው እንበል። ንፋስ 400 በ0 ዩሮ፣ ኑክሌር 300 በ10፣ ድንጋይ ከሰል 200 በ70 አቀረቡ። ድምሩ 900 ነው፤ የጎደለውን 100 የሚሞላው የጋዝ ጣቢያ ነው። ጣቢያው የሚያቃጥለውን ጋዝ ግማሹን ብቻ ወደ መብራት የሚለውጥ ከሆነ፣ ጋዙ በሜጋዋት ሰዓት 30 ዩሮ ሲሸጥ የነዳጅ ወጪው 60 ይሆናል። ለአንድ ሜጋዋት ሰዓት መብራት 0.4 ቶን ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚለቅና ለሚለቀው የልቀት ፈቃድ መግዛት ስላለበት፣ ቶኑ 70 ዩሮ ቢሆን 28 ጨምርበት። 88 መጣ። ያቺ ሰዓት በ88 ትዘጋለች፤ ያሸነፉት ሁሉ፣ በ0 ያቀረበው ንፋስ ጭምር፣ 88 ይቀበላሉ። አሁን ጋዙን ወደ 200 አውጣው፦ 400 ሲደመር 28፣ ማለትም 428። ከንፋሱ በኩል አንዲት ክንፍ የተለየ አልዞረችም፤ የሰዓቱ ገቢ ግን ከ35,200 ዩሮ ወደ 171,200 ዘለለ።

«እያንዳንዱ በጠየቀው ዋጋ ይከፈለው» ትል ይሆናል። ተጫራቹ ሞኝ አይደለም። እንደዚያ ከሆነ ንፋሱ 0 ብሎ አያቀርብም፤ የጋዙን ዋጋ ገምቶ 85 ይላል። ግምቱ ከሳተ ደግሞ ርካሹ ውጭ ቀርቶ ውዱ ይሠራል። አንድ ዋጋ ለሁሉም የተባለው ለዚህ ነው። ሕጉንም ከፈለግህ፣ እንግሊዝ በ1990 ኖርዌይ በ1991 ገበያቸውን ሲከፍቱ ልማዱ ነበረ፤ የአውሮፓ ኅብረት በግልጽ የጻፈው ግን ዘግይቶ በ2015 ነው። ደንብ ቁጥር 2015/1222 አንቀጽ 38ን አንብበው።

ወደ ኋላ ከመመለሳችን በፊት አንድ ነገር ልብ በል። በእኛ አገር መመሪያ ከደንብ በታች ነው። እነርሱ ጋ ልዩነቱ ሌላ ነው፦ ደንብ በሁሉም አባል አገር እንዳለ ይሠራል፤ መመሪያ ግን ግቡን ነግሮ እያንዳንዱ አገር በራሱ ሕግ እንዲያወጣው ይተዋል። የመብራቱ ታሪክ ከመመሪያ ወደ ደንብ የተደረገ ጉዞ ነው። ምክንያቱ ደግሞ በመመሪያው ቀዳዳ ሁልጊዜ የሚሾልክ መኖሩ ነው።

የመጀመሪያው የመብራት መመሪያ የ1996ቱ 96/92 ነው፤ የጋዙ በ1998 ተከተለው። ሁሉም ደንበኛ ባንድ ጊዜ አልተለቀቀም። በየአገሩ የሚከፈተው የገበያ ድርሻ የሚለካው መጀመሪያ በዓመት ከ40 ጊጋዋት ሰዓት በላይ በሚወስዱ ትልልቅ ደንበኞች ነበር፤ ከዚያ 20፣ በ2003 ደግሞ 9 ሆነ። ቀዳዳው ሽቦው ላይ ነበር። አዲስ ነጋዴ በባለሽቦው መስመር እንዴት ይጠቀም ለሚለው፣ አንደኛው አማራጭ «ተደራደሩ» የሚል ነበር። ጀርመን ይህንን መረጠች። ታሪፍ የሚወስን ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እስከ 2005 አልነበራትም፤ ዋጋው በማኅበራት ስምምነት ይወሰን ነበር።

ተንኮሉ እንዲህ ይሠራል። ያው ኩባንያ ያመነጫል፣ ሽቦም አለው፣ ይሸጣልም። የሽቦ ኪራዩን በሜጋዋት ሰዓት ከ20 ወደ 30 ከፍ ያደርግና የመብራቱን ዋጋ በ10 ይቀንሳል። የራሱ ደንበኛ የሚከፍለው ጠቅላላ ሒሳብ አልተለወጠም፤ ካንዱ ኪሱ ወደ ሌላው አዛወረው እንጂ። ተፎካካሪው ግን 30 ከፍሎ በዚያ ርካሽ ዋጋ መሸጥ አለበት፤ በስድስት ወር ውስጥ ይዘጋል። ከዋጋው ውጭም መንገድ አለ፦ «መስመሩ ሞልቷል» ማለት። መሙላቱን የሚያውቀው ደግሞ ባለሽቦው ብቻ ነው።

የ2003ቱ ሁለተኛ ጥቅል፣ ማለትም ባንድነት የወጡት ሁለተኛ ዙር ሕጎች፣ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤትን ግዴታ አደረገ፣ ታሪፉ አስቀድሞ እንዲጸድቅና እንዲታተም አዘዘ፣ ሽቦው በሕግ የተለየ ኩባንያ እንዲሆን ጠየቀ። ከጁላይ 2004 የንግድ ድርጅቶች በሙሉ፣ ከጁላይ 2007 ደግሞ ቤተሰቦች ሻጭ የመምረጥ መብት አገኙ። በወረቀት ላይ ሥራው ያለቀ ይመስል ነበር። የአውሮፓ ኮሚሽን ከ2005 እስከ 2007 መጀመሪያ ዘርፉን ሲመረምር ግን የተለየ ስም ያለው የሽቦ ኩባንያ ለእናት ኩባንያው ሲያደላ አገኘው። በ2008 የጀርመኑ የኃይል ኩባንያ ኢ.ኦን የውድድር ክስ ምርመራ ሲጠብበው ከፍተኛ ተሸካሚ መስመሩን ለመሸጥ ቃል ገባ፤ የሆላንዱ ቴኔት በ2010 ተረከበው። ሕጉ ያላስገደደውን የውድድር ምርመራው አስገደደ።

ሦስተኛው ጥቅል፣ የ2009ኙ፣ ለእኔ ከሁሉም ዋናው ነው። ሦስት መንገድ ሰጠ፦ ሽቦውን ፈጽሞ መሸጥ፤ ንብረትነቱን ይዞ አሠራሩን ለነጻ አካል መስጠት፤ ወይም ሽቦውን እዚያው ይዞ በጥብቅ አጥር መከለል። ሦስተኛውን መንገድ እነፈረንሳይና ጀርመን ታግለው ያስገቡት ነው። አጥሩ እስከምን እንደሚወርድ ልንገርህ፦ የሽቦው ኩባንያ ከእናቱ ጋር የኮምፒውተር ሥርዓት አይጋራም፣ ቢሮ አይጋራም፣ ሒሳቡን ያው መርማሪ አይመረምርለትም። ከአመራሩ አብዛኞቹ ከመሾማቸው በፊት 3 ዓመት በእናት ኩባንያው ያልሠሩ መሆን አለባቸው፤ ከለቀቁም በኋላ 4 ዓመት ወደዚያ አይመለሱም። ብሔራዊ ተቆጣጣሪዎችን የሚያስተባብረው ኤሰርም የተቋቋመው በዚሁ ጥቅል ነው፤ መቀመጫው ሉብሊያና ነው።

ሽቦው ሲለይ ጠቡ ወደ ድንበር ሄደ። ድሮ ነጋዴው የድንበሩን መስመር ለብቻ፣ መብራቱን ለብቻ ይገዛ ነበር። ጠዋት መስመር ገዝቶ ከሰዓት በኋላ ዋጋው ሲገለበጥ፣ መብራቱ ከውድ አገር ወደ ርካሽ አገር ሲፈስ ይታይ ነበር። መላው ሁለቱን ባንድ ጨረታ ማሰር ሆነ። ፈረንሳይ፣ ቤልጂየምና ሆላንድ በ2006 ጀመሩት፤ በፌብሩዋሪ 2014 ሰሜን ምዕራብ አውሮፓ ባንድ ስሌት ገባ። ሽቦ የያዙት አካላት ግን የውስጥ መጨናነቃቸውን ወደ ድንበር መግፋት ለመዱ፦ አገር ውስጥ መስመር ሲጠብ የጎረቤቱን በር ማጥበብ። ስዊድን ይህን ስታደርግ ተይዛ በኖቬምበር 2011 ገበያዋን በ4 የዋጋ ቀጠና ከፈለችው። የ2019ኙ ደንብ 2019/943 ጭራሽ ቁጥር አስቀመጠ፦ ከድንበር መስመሩ አቅም ቢያንስ 70 በመቶው ለንግድ ይለቀቅ። ቁጥር ሲኖር ክርክሩ ያጥራል፤ ሆኖም የጊዜ ማራዘሚያ የወሰዱት ብዙ ናቸው።

ከዚያ 2022 መጣ። የሩሲያ ጋዝ ጎደለ፣ ድርቅ ግድቦችን አሳሳ፣ ከፈረንሳይ 56 ሪአክተሮች በበጋው ግማሽ ያህሉ ቆሙ። በኦገስት መጨረሻ የሆላንዱ የጋዝ ገበያ ዋጋ በሜጋዋት ሰዓት ከ300 ዩሮ አለፈ። ከላይ ባሳየሁህ ስሌት 300 አስገባበት፤ መብራቱ ከ600 በላይ ይወጣል። መንግሥታት ደነገጡ። ስፔንና ፖርቱጋል ከጁን ጀምሮ ለመብራት የሚነድደውን ጋዝ በ40 ዩሮ እንደተገዛ አድርገው አሰሉትና ልዩነቱን ለጣቢያዎቹ ከፈሉ። ዋጋው በርግጥ ወረደ፤ የረከሰው መብራት ግን ወደ ፈረንሳይ ፈሰሰ፣ በስፔን የሚነደው ጋዝም ጨመረ። ኅብረቱ በበኩሉ በኦክቶበር የአስቸኳይ ደንብ አወጣ፦ ንፋስ፣ ፀሐይ፣ ኑክሌርና መሰሎቻቸው ከ180 ዩሮ በላይ ያገኙት ተወስዶ ለደንበኛ ይሰራጭ፤ ከዲሴምበር 2022 እስከ ጁን 2023። አየህ፣ ጨረታውን አልነኩትም፤ የነኩት ከጨረታው በኋላ ያለውን ኪስ ነው።

ችርቻሮው ላይ የደረሰውም መታወቅ አለበት። አንድ ነጋዴ 50,000 ቤት አለው፣ እያንዳንዱ በዓመት 3 ሜጋዋት ሰዓት፣ በጠቅላላው 150,000። ለደንበኛው በ60 ዩሮ ቆርጦ ሸጠ፣ ግማሹን ብቻ አስቀድሞ በ55 ገዛ። ገበያው 250 ሲገባ፣ አስቀድሞ ከገዛው 375,000 ዩሮ ያተርፋል፤ ካልገዛው 14.25 ሚሊዮን ይከስራል። በእንግሊዝ፣ ያኔ ከኅብረቱ ወጥታ ነበር፣ ወደ 30 የሚጠጉ ሻጮች የወደቁት በዚህ ዓይነት ሒሳብ ነው። ደንበኛው መብራት አይጠፋበትም፤ ወደ ሌላ ሻጭ ይዛወራል። ዕዳው ግን በሁሉም ቆጣሪ ላይ ይከፋፈላል። ዓመታት ሙሉ «ሻጭ በዛ፣ ውድድር አለ» እየተባለ ካፒታላቸው ሳይጠየቅ ፈቃድ መሰጠቱ ያናደደኝ ያኔ ነው።

የ2024ቱ ማሻሻያ መመሪያም ደንብም አለው። መመሪያ 2024/1711 ሻጮች አስቀድመው እንዲገዙ ተቆጣጣሪው ይከታተል ይላል። ዋናው ነገር ግን በደንብ 2024/1747 የገባው ረጅም ውል ነው። ከጁላይ 17 ቀን 2027 ጀምሮ መንግሥት በዋጋ ድጋፍ የሚያስገነባው አዲስ ንፋስ፣ ፀሐይ፣ እንፋሎት፣ ግድብ አልባ ውኃና ኑክሌር በሁለት በኩል በሚሠራ የልዩነት ውል ይታሰራል። ውሉ 70 ዩሮ ቢል፣ ገበያው 50 ሲሆን መንግሥት 20 ይሞላል፤ 200 ሲሆን አመንጪው 130 ይመልሳል። የሚበላሽበት ቦታም አለው። ክፍያው በመነጨው ሜጋዋት ሰዓት ከታሰበ፣ ዋጋው ከዜሮ በታች 40 ሲወርድ እንኳ አመንጪው 40 ከፍሎ 110 ይቀበላልና አያቆምም፤ መስመሩ እየተጥለቀለቀ 70ውን ያገኛል። ለዚህ ነው ክፍያውን በመነጨው ሳይሆን ሊመነጭ ይችል በነበረው ማስላት የሚሻለው። ደግሞም ታዝበሃል? ያኔ የኮሚሽኑ የውድድር ምርመራ ረጅሙን ውል በጥርጣሬ ነበር የሚያየው። አሁን ሕጉ ራሱ ያስፈርማል። እኔ መመለሱን አልጠላውም። የቀትሩ ጨረታ ነገ የትኛው ጣቢያ ይሥራ ለሚለው ግሩም ነው፤ ለ20 ዓመት የሚሠራ ጣቢያ ማን ይገንባ ለሚለው መልስ አልነበረውም።

አንተ የአገራቱን መብራት ከሚያገናኘው ከምሥራቅ አፍሪካ የኃይል ቋት ጋር የምትሠራው ነገር ስላለ አንድ ልጨምርልህ። በ2006 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር መብራት ኃይል ለሁለት ሲከፈል፣ ማመንጨትና ማስተላለፍ ባንድ ወገን፣ ማከፋፈልና ሽያጭ በሌላ ወገን ሆኑ። አውሮፓ 13 ዓመት ታግሎ የተረተረው ስፌት ግን ሌላ ነው፦ እኛ ጋ ባንድ ወገን በቀሩት በማመንጨትና በማስተላለፍ መካከል ያለው። ከወላይታ ሶዶ ኬንያ ውስጥ ሱስዋ የሚደርሰውን መስመር ውሰድ። 1,045 ኪሎ ሜትር ነው፣ የተሠራው ለ2,000 ሜጋዋት ነው፤ የኬንያው የ25 ዓመት ውል ግን በ200 ጀምሮ 400 ላይ ይቆማል። የቋቱ የጋራ ገበያ ሰነድ እጅህ ሲገባ መጀመሪያ የምትፈልገው አንቀጽ ይህ ይሁን፦ ውል ያልያዘውን አቅም የሚያሰላው ማነው፣ ስሌቱ ይታተማል ወይ፣ ሦስተኛ ወገን ቢጠይቅ በስንት ታሪፍ፣ በስንት ቀን ይመለስለታል? «በድርድር» የሚል ቃል ካገኘህ ከሥሩ አስምርበትና ላክልኝ።

ለእማማ ጉልበታቸውን ሳምልኝ። ቶሎ ጻፍልኝ፤ እኔም ከእንግዲህ አልጠፋም።

ወንድምህ