የአንባቢ ጥያቄ የሚመለስበት ገጽ

ውድ ልጄ፣ አሰላሙ ዓለይኩም።

እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። መጽሔቱ የአንባቢ ጥያቄ የሚመለስበትን ገጽ እንደሰጠሽ ስትነግሪኝ ቅር ያለሽ መሰለኝ። ትልልቁን ጽሑፍ ለሌላው ሰጥተው ለአንቺ ትርፍራፊውን የተዉልሽ አይምሰልሽ። ስለ አል-መናር መጽሔት ላጫውትሽ። ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።

ሼህ ረሺድ ሪዳ አል-መናርን ካይሮ ላይ በ1898 ጀመሩት። ከጀርባቸው ሼህ ሙሐመድ ዐብዱህ ነበሩ። ሙስሊሙ ወደ ቁርኣንና ሐዲስ ይመለስ፣ በጭፍን መከተል ይቅር፣ ዘመናዊ ትምህርትም ይማር ይሉ ነበር። ብዙ ሰው የሚያነሳው ረጃጅም ጽሑፎቻቸውን ነው። እኔን የሚይዘኝ ግን የፈትዋው፣ የሃይማኖት ጥያቄ የሚመለስበት ገጽ ነው። ከሩቅ አገር ጥያቄ በፖስታ ይመጣል፤ ሪዳ መልሱን ያትማሉ፤ መጽሔቱ ተመልሶ ጠያቂው ሰፈር ይደርሳል።

ከጠያቂዎቹ መካከል ሐድረሚዎች ነበሩ። የመን ውስጥ ካለው ሐድረሞት ወጥተው ሲንጋፖርና ጃቫ ድረስ ሄደው የሚነግዱ አረቦች ናቸው። እኛም አገር አረብ ቤት ከምንላቸው ሱቆች ባለቤቶች መካከል የዚያው ምድር ሰዎች ነበሩ። ከእነሱ ውስጥ የነቢዩ ዘር የሆኑት ሰይድ ይባላሉ፤ ሴቷ ሸሪፋ ናት። ሸሪፋ ከሰይድ በቀር አታገባም፤ ልማዱ እንዲህ ነበር።

በ1905 ሲንጋፖር ላይ አንድ ሕንዳዊ ሙስሊም ሸሪፋ አገባ። ጉዳዩ አል-መናር ደረሰ። ሪዳ ኒካሑ ይጸናል አሉ። አንድ ትልቅ የሰይዶች ዓሊም ደግሞ ሐራም ነው ብለው ተነሱ። በዓመቱ እዚያው ሲንጋፖር አል-ኢማም የሚባል መጽሔት በማላይኛ ወጣ። አል-መናርን የተከተለ ነበር፤ የሐድረሚ ነጋዴዎችም ደግፈውታል።

ነገሩ በዚህ አልቆመም። ሱዳናዊው ሼህ አሕመድ ሱርካቲ በ1911 ባታቪያ፣ የዛሬዋ ጃካርታ፣ ሊያስተምሩ መጡ። የእነ ዐብዱህን ሐሳብ የያዙ ሰው ነበሩ። በ1913 ጃቫ ውስጥ ሶሎ ከተማ ላይ፣ በድህነት ምክንያት ከአንድ ቻይናዊ ጋር ያለ ኒካሕ ስለምትኖር ሸሪፋ ወሬ ተነሳ። ሱርካቲ ሰይድ ያልሆነ ሙስሊም ቢያገባት ምን አለበት አሉ። ሰይዶቹ ተቆጡ። ሱርካቲ ትምህርት ቤቱን ለቀቁ፤ በ1914 አል-ኢርሻድ የሚባል ማኅበር ተመሠረተ። ትምህርት ቤቶቹ ኢንዶኔዥያ ውስጥ ዛሬም አሉ። ሐድረሚው ግን ለሁለት ተከፈለ። የሰይድ እጅ መሳም እንኳ ጸብ ሆነ። ጭቅጭቁ ሐድረሞት ድረስ ተመለሰ።

እኔ በዚህ ነገር ከሪዳና ከሱርካቲ ጋር ነኝ። በዘር ተመዝኖ የሚፈቀድና የሚከለከል ኒካሕ አይዋጥልኝም። ግን ደግሞ ካይሮ ተቀምጦ መመለስ ቀላል ነው። መዘዙን የሚሸከሙት ጎረቤትና ዘመድ የሆኑት ናቸው፤ ሱቅ ለሱቅ የሚተያዩት።

አንድ ነገር ሁሌም ይከነክነኛል። ስለዚህ ጭቅጭቅ ባነበብኩት ሁሉ ሸሪፋዋ ራሷ ምን እንዳለች አላገኘሁም። ወንዶቹ ስለ እሷ ጠየቁ፣ ወንዶቹ መለሱ። አንቺ ገጹን ስትይዢ ስለ አንዲት ሴት ጥያቄ ከመጣልሽ፣ ከቻልሽ መጀመሪያ ለእሷ ደውዪላት።

እናትሽ ሰላም ብላሻለች። የመጀመሪያው ገጽሽ ሲወጣ ላኪልን።

አባትሽ