ለካምፕ ተጎታች የማስነሻ ባትሪ አይሆንም

ይድረስ ለክቡር አዘጋጅ፣

መስከረም ሲጠባ አስጎብኚ ድርጅቶች ወደ ዳናክል፣ ወደ ኦሞና ወደ ባሌ የሚወስዷቸውን ተጎታቾች ማሰናዳት ይጀምራሉ። ድንኳኑ፣ ፍራሹ፣ ፍሪጁ፣ የውሃ በርሜሉ ታስቦበት ይሟላል። ባትሪው ግን አብዛኛውን ጊዜ በመጨረሻው ቀን ከመለዋወጫ ሱቅ «ትልቁን ስጠኝ» ተብሎ ይገዛል። ባለሱቁም የሚያወጣው የሞተር ማስነሻ ባትሪ ነው።

የማስነሻ ባትሪ ሥራው ሞተሪኖን ለጥቂት ሰከንድ በብዙ መቶ አምፔር ማዞር ነው። ለዚህ ሲባል በውስጡ ያሉት የእርሳስ ሳሕኖች ስስና ብዙ ናቸው። ሌሊቱን ሙሉ ፍሪጅ ሲያሠራ አድሮ ባዶ ሲሆን ስሱ ሳሕን ይፈረፈራል፤ ፍርፋሪውም ከሥር ይዘቅጣል። ኮረኮንች መንገድ ደግሞ ያፋጥነዋል። ለተጎታች የሚፈለገው ሳሕኑ ወፍራም የሆነው «ዲፕ ሳይክል» (ለረጅም ሰዓት በዝግታ ኃይል ለመስጠትና ደጋግሞ ለመሞላት የተሠራ) ወይም ሊትየም ነው። የሊትየም ዓይነቱም ብዙ ስለሆነ «ሊትየም አይረን ፎስፌት» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ከሌሎቹ ሊትየሞች ይልቅ ሙቀትን የሚታገሠው እሱ ነው።

መጠኑን በግምት መግዛት ገንዘብ መጣል ነው፤ ሒሳቡ ከአንድ ገጽ አያልፍም። ለዳናክል ጉዞ እንዲህ ይሰላል። 45 ዋት የሚወስድ ባለ 12 ቮልት ፍሪጅ በዚያ ሙቀት ከቀኑ ሦስት አራተኛውን ይሠራል፤ 45 በ18 ሰዓት ሲባዛ 810 ዋት-ሰዓት ይሆናል። አምስት ባለ 5 ዋት መብራቶች ለአምስት ሰዓት 125፣ የአሥር ስልክና የካሜራ ባትሪ 150፣ የውሃ ፓምፕ 15። ድምሩ በቀን 1,100 ዋት-ሰዓት ነው። መኪናው ሳይንቀሳቀስ ሁለት ሌሊት ከታደረ 2,200 ይሆናል።

የእርሳስ ባትሪ፣ ደረቅ የሚባለውም (ውሃ የማይጨመርበት) ቢሆን፣ ዕድሜ እንዲኖረው ከግማሽ በታች መውረድ የለበትም። ስለዚህ 2,200 ለማግኘት 4,400 ይገዛል፤ ባለ 12 ቮልት 100 አምፔር-ሰዓት ባትሪ 1,200 ዋት-ሰዓት (12 በ100) ስለሚይዝ፣ ይህ አራት ባትሪ፣ ክብደቱም 120 ኪሎ ገደማ ነው። በሊትየም ሁለት ባለ 100 ይበቃሉ፤ ክብደታቸው ተደምሮ 25 ኪሎ ቢሆን ነው። ባለ 200 ዋት ሶላር ከተጨመረ በጥሩ ፀሐይ በቀን 700 ዋት-ሰዓት ያህል ይመልሳል። የሊትየም ዋጋ ያስደነግጣል፤ ነገር ግን ሊነጻጸር የሚገባው ከአንድ ደረቅ ባትሪ ሳይሆን ከሁለት ጋር ነው። ተጎታቹ በዓመት ሁለቴ ላንጋኖ ደርሶ የሚመለስ ብቻ ከሆነ ግን ደረቁ ይበቃል፤ ሻጭ የፈለገውን ቢል።

«100 አምፔር-ሰዓት» የሚለው ጽሑፍ ለእርሳስ ባትሪ 5 አምፔር ለ20 ሰዓት ማለት ነው። በ1,000 ዋት ኢንቨርተር (12 ቮልቱን ወደ ቤት መብራት በሚቀይረው) 90 አምፔር ገደማ ከተሳበበት ያው ባትሪ አንድ ሰዓት እንኳ አይዘልቅም። 1,500 ዋት የውሃ ማፍያ ከ130 አምፔር በላይ ይስባል፤ የብዙዎቹ ሊትየም ባትሪዎች ውስጣዊ መቆጣጠሪያ ደግሞ 100 ላይ ይዘጋል። ቡና በከሰል ወይም በጋዝ ይፈላ።

ከሁሉ ይልቅ የሚረሳው የአየሩ ጠባይ ነው። የእርሳስ ባትሪ ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል። ቻርጀሩ የሙቀት መለኪያ ከሌለው በአፋር ሙቀትም እንደ አዲስ አበባው 14.4 ቮልት መስጠቱን ይቀጥላል፤ ባትሪው ይደርቃል፣ ጎኑ ያብጣል። ሊትየሙም የራሱ ችግር አለው። አብዛኞቹ ሙቀቱ ከመጠን ሲያልፍ መሞላት ያቆማሉ። ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ በሚወርደው ዳሎል፣ ፀሐይ በሚመታው የቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ ባትሪ ሶላሩ ብዙ በሚያመርትበት በእኩለ ቀን አልሞላ ይላል። ሰዉ ቻርጀሩ ተበላሸ ብሎ ይፈታዋል። መፍትሔው ሳጥኑን ከተጎታቹ ውስጥ፣ ጥላ ባለበት፣ ከወለሉ በእንጨት ከፍ አድርጎ፣ ከታችና ከላይ አየር እንዲያልፍበት ማድረግ ነው። ቦታው ወደ አክስሉ ቢጠጋ ይመረጣል፤ ከኋላ ጫፍ ላይ ሲሆን መንገጫገጩ ይብሳል።

በባሌ 4,000 ሜትር ገደማ ላይ ባለው የሳነቴ አምባ ችግሩ ይገለበጣል። በታኅሣሥና በጥር ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ሊትየም ከዜሮ በታች መብራት ይሰጣል እንጂ መሞላት የለበትም፤ ከተሞላ ሊትየሙ በብረት መልክ ይለጠፍና ባትሪው ለዘለቄታው ይጎዳል። ጠዋት ፀሐይ ሶላሩን ስትመታ ባትሪው ገና በረዶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሲገዛ «ከዜሮ በታች መሞላትን ራሱ ይዘጋል ወይ?» ተብሎ ይጠየቅ። ርካሾቹ ብዙ ጊዜ ይህ የላቸውም።

ሌላው ጣጣ ከመኪናው የሚመጣው ገመድ ነው። ከሞተሩ ባትሪ እስከ ተጎታቹ 7 ሜትር ቢሆን፣ መሄጃና መመለሻው 14 ሜትር ነው። በባለ 2.5 (ካሬ ሚሊ ሜትር) ገመድ 20 አምፔር ሲያልፍ ወደ 2 ቮልት ይጠፋል፤ ዲናሞው 14.2 ቢያወጣ የሚደርሰው 12.2 ነው። በዚህ ቮልት ባትሪ ስለማይሞላ አምፔሩ እየወረደ ይሄዳል፤ እስከ ሠመራ ቀኑን ሙሉ ተነድቶም ባትሪው ግማሽ ላይ ያድራል። በባለ 10 ገመድ የሚጠፋው ግማሽ ቮልት ነው፤ ባለ 16 ከተገኘ የተሻለ።

ሊትየምን ከዲናሞ ጋር በቀጥታ ማገናኘት ደግሞ ሌላ ጥፋት ነው። ውስጣዊ ተቃውሞው (ሬዚስታንሱ) ትንሽ ስለሆነ የተሰጠውን ሁሉ ይውጣል፤ ዲናሞውም በሙሉ አቅሙ ለሰዓታት ሲሠራ ሊቃጠል ይችላል። መሐል ላይ ከዲሲ ወደ ዲሲ የሚቀይር ባለ 20 ወይም ባለ 30 አምፔር ቻርጀር ይገባል። ፊውዝም በሁለቱም ጫፍ፣ ከእያንዳንዱ ባትሪ ፖል አጠገብ ይደረግ፤ ገመዱ መሐል ላይ ተልጦ ከሻሲ ጋር ቢነካካ ከሁለቱም ወገን ኃይል ይመጣበታልና።

ሁለት ባትሪ በትይዩ (ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ፣ ኔጋቲቭ ከኔጋቲቭ) ሲገናኝ አንድ ዓይነት፣ እኩል ዕድሜ ያላቸው ይሁኑ፤ ወደ ተጎታቹ የሚሄደው ፖዘቲቭ ገመድ ከአንደኛው፣ ኔጋቲቩ ከሌላኛው ይውጣ። ሁለቱም ከአንዱ ከወጡ ያ አንዱ ይበልጥ እየሠራ ቀድሞ ያልቃል።

ሲገዛ ሚዛን ይያዝ። እውነተኛ ባለ 100 ሊትየም ከ10 እስከ 13 ኪሎ ይመዝናል፤ 6 ኪሎ ከሆነ ውስጡ ባዶ ነው። ደረቁ ባትሪ ሱቅ ውስጥ ሲለካ ከ12.4 ቮልት በታች ካሳየ መደርደሪያ ላይ ብዙ ቆይቷልና አይነሣ። ሊትየሙ ደግሞ ከተቻለ ሞልቶ 60 ዋት የመኪና ፋኖስ አምፖል ይታሰርበት፤ 5 አምፔር ያህል ስለሚወስድ 20 ሰዓት ገደማ ማብራት አለበት። 12 ሰዓት ብቻ አብርቶ ከጠፋ የተገዛው ባለ 60 አምፔር-ሰዓት ነው። ሊትየም እስኪያልቅ 13 ቮልት አካባቢ ስለሚቆይ ቀሪው መጠን በቮልት መለኪያ አይታወቅም፤ የገባና የወጣ አምፔር የሚቆጥር ሻንት ያስፈልገዋል።

ክረምት ሲገባ ደረቁ ሙሉ ሆኖ ይቀመጥ፣ በየሁለት ወሩም ይሞላ። ሊትየሙ ግማሽ ላይ ሆኖ ገመዱ ይነቀል።

ከአክብሮት ጋር፣
የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ፣ ከአዲስ አበባ