«የሕዝብ» የተባለው ዜማ ከየት መጣ?

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፦

ባለቤቱ ያልታወቀ ዜማ ሁሉ በካሴት ልባስ ላይ «የሕዝብ» ተብሎ መታለፉ ምንጩን የመፈለግን ሥራ ገና ከደጃፉ ስለሚዘጋው፣ ይህን አጭር ደብዳቤ ለመጻፍ ተገድጃለሁ። አያቴ እህል ሲፈጩ ያንጎራጉሩት የነበረውን አንድ ዜማ መፈለግ ከጀመርሁ ወዲህ የተረዳሁት፣ ቅኝቱ (ዜማው የተመሠረተበት የድምፆች ስልት) ብቻውን መልስ እንደማይሰጥ ነው፤ ባቲና አምባሰል ስማቸውን ከወሎ ቦታዎች ቢያገኙም፣ በእነዚህ ቅኝቶች የሚዘፈነው ሁሉ የወሎ ነው ማለት አይቻልም። ግጥሙም ቢሆን አሳሳች ነው፤ ያማረ ስንኝ ከአዝማሪ ወደ አዝማሪ ሲተላለፍ ከአንዱ ዜማ ወርዶ በሌላው ላይ ስለሚጫን (የአያቴ ዜማ በሁለት የተለያዩ ግጥሞች አጋጥሞኛል)፣ ዜማውም ግጥሙም ለየብቻ መመርመር ይኖርባቸዋል። ገጣሚና ዘፋኙ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ከመቶ ዓመት በፊት በጀርመን ያስቀረጿቸውን የመሰሉ ጥንታዊ የሙዚቃ ሸክላዎች ለማነጻጸር ይረዳሉ፤ የወፍጮ እንጉርጉሮ ግን ሸክላ ዘንድ እምብዛም አልደረሰም። ስለዚህ አንባቢዎች ከአረጋውያን ዜማ ሲቀርጹ፣ የዘፋኙን የትውልድ ቀዬ፣ ዜማውን ከማን እንደተማሩትና በየትኛው ሥራ ወይም በዓል እንደሚባል አብረው እንዲመዘግቡ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ አንባቢ፣ ከደሴ