ቀሬና የት እንደሆነች አገኘኋት

ሰላም ወንድሜ፣

እንዴት ከርመሃል? ሁለት ዓመት ሙሉ አንዲት መስመር አልጻፍኩልህም። ስልኬም አልጠፋ፣ ቁጥርህም አልጠፋብኝ። ዛሬ ያስጻፈችኝ ቀሬና ናት።

ትዝ ይልሃል፣ ስቅለት ለት ስንሰግድ፣ መስቀሉን የተሸከመው ስምዖን የቀሬና ሰው ነው ተብሎ ሲነበብ፣ «ቀሬና ደግሞ የት ናት?» ብለህ በክርንህ ጎሸም ያደረግከኝ? ሊቢያ ውስጥ ናት፣ ሻሃት የምትባለው ከተማ አጠገብ። የቆረቆሯት ግሪኮች ናቸው፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ631 ገደማ።

የጥንቱ ግሪካዊ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ እንደሚተርከው፣ ቴራ የምትባለው ደሴታቸው ላይ ዝናብ 7 ዓመት ጠፋ። ከአንድ ዛፍ በቀር ሁሉም ደረቀ። ከወንድማማቾች አንዱ በዕጣ እየወጣ በ2 መርከብ ተሰደዱ። መሪያቸው ባቶስ ይንተባተብ ነበር ይባላል። እንመለስ ቢሉ የገዛ ወገኖቻቸው ከወደቡ እየወረወሩ አባረሯቸው። በመጨረሻ የሊቢያ ሰዎች አንድ ምንጭ ዳር አደረሷቸውና «እዚህ ሰማዩ ቀዳዳ ነው» አሏቸው። ዝናብ አይጠፋም ማለታቸው ነው።

እኔን የያዘኝ ግን የባቶስ ልጅ አርኬሲላኦስ ነው። አባትየው 40 ዓመት ነገሠ፣ ወሬውም አያልቅም። ልጅየው 16 ዓመት ነገሠ። ሄሮዶቱስ፣ ያ ወሬ የማይጠግብ ሰውዬ፣ ስለ እሱ ያለው ይህን ብቻ ነው፦ 16 ዓመት ገዛ፣ የሕዝቡም ቁጥር መጀመሪያ የመጡትን ያህል ነበር። በቃ! ጦርነት የለ፣ ቅሌት የለ።

ከእሱ በኋላ የመጣውን ስታይ ደግሞ ትገረማለህ። ሁለተኛው ባቶስ ሲነግሥ አዲስ ሰፋሪ ጎረፈ፣ የሊቢያዎቹ መሬት ተነጠቀ፣ የግብጽ ጦር ሳይቀር መጣ። የአርኬሲላኦስን የልጅ ልጅ፣ ሞክሼውን ሁለተኛውን አርኬሲላኦስን፣ የገዛ ወንድሙ አንቆ ገደለው።

እኔማ ያንን ወሬ የሌለውን ንጉሥ ወደድኩት። ለአንተም «አዲስ ነገር ሲኖር እጽፍለታለሁ» እያልኩ ነው ሁለት ዓመት የነጎደው። አዲስ ነገር የለም። ሥራው ያው ነው፣ የቤት ኪራይ ጨምሯል፣ ጸጉሬ ከፊት ሸሽቷል።

እማማ ጉልበታቸው እንዴት ሆነላቸው? «ያው ነው» ብለህም ቢሆን ጻፍልኝ።

ወንድምህ