ግሦቹ መጨረሻ ላይ ሲከማቹ

ክቡር አዘጋጅ፣

ረዣዥም ዓረፍተ ነገሮች የማይገቡን ትኩረት ስለሚጎድለን ነው ሲባል እሰማለሁ፤ እኔ ግን ችግሩ ከርዝመቱ ይልቅ በአደራደሩ ላይ ይመስለኛል። «ነጋዴው ጸሐፊው ሞግዚቷ ልጁ እንደታመመ እንደነገረችው እንደጻፈ ሰማ» የሚለው ከሰዋስው ሕግ ባይወጣም፣ አንባቢው አራት ባለቤቶችን ያለ ግሥ ይዞ ከቆየ በኋላ የመጀመሪያውን ግሥ ከመጨረሻው ስም፣ የመጨረሻውን ግሥ ከመጀመሪያው ስም ጋር ማዛመድ ይኖርበታል። «ልጁ እንደታመመ ሞግዚቷ እንደነገረችው ጸሐፊው እንደጻፈ ነጋዴው ሰማ» ሲባል ግን፣ ቃላቱም የመካተቱም (አንዱ ዓረፍተ ነገር በሌላው ውስጥ የመግባቱ) ጥልቀት ሳይለወጡ፣ እያንዳንዱ ሐሳብ ተዘግቶ ወደ ቀጣዩ ስለሚያልፍ ሸክሙ ይቀላል። በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ትንሽ የሚያግዘን «እንደነገረችው» የሚለው ግሥ የሴት ምልክት መያዙ ነው፤ ሞግዚቷ ወንድ ብትሆን ኖሮ ያም ፍንጭ ይጠፋ ነበር።

የሥነ ልቦና ምሁሩ ጆርጅ ሚለርና የቋንቋ ምሁሩ ኖም ቾምስኪ በ1963 እ.ኤ.አ. ሰዋስው ለእንዲህ ዓይነቱ መካተት ወሰን ባያበጅለትም የሰው ትውስታ ወሰን እንደሚያበጅለት አስረድተዋል። ፊንላንዳዊው የቋንቋ ምሁር ፍሬድ ካርልሰንም በ2007 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ በመረመሯቸው የአውሮፓ ቋንቋዎች ጽሑፎች የመሀል መካተት፣ ማለትም አንዱ ዓረፍተ ነገር በሌላው መሀል መግባቱ፣ ከሦስት ደረጃ እንደማያልፍ፣ በንግግር ደግሞ ከዚያም እንደሚያንስ አሳይተዋል።

የዜና አርታኢዎቻችን የተናጋሪውን ስም ከፊት አስቀምጠው «ገለጹ» የሚለውን ግሥ ከብዙ መስመር በኋላ ከሚያመጡ፣ ስሙን ወደ ግሡ ቢያቀርቡት አንባቢው ብዙ ድካም ይቀርለታል።

ከአክብሮት ጋር
አንድ አንባቢ